ከአያት የወረደ ሰዓትን ከጅማ ሆኖ ማስጠገን፦ ዝርዝር መመሪያ

ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የተኛ ኦሜጋ፣ ሎንጂን ወይም ሮሌክስ ሲወጣ እጅ ወዲያው ወደ መሙያው ይሄዳል። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ መጠምዘዝ የሁሉም ሰው ፍላጎት ነው። እዚያው ላይ መታቀብ ያስፈልጋል። በማሽኑ ውስጥ የነበረው ዘይት ከፊሉ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ከፊሉም ከቦታው ሸሽቷል። እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑት የጥርሶቹ ዘንጎች ያለ ዘይት ሲዞሩ ይፋተጋሉ፤ የተጠራቀመው ቆሻሻም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላቸዋል። ሰዓቱ ተነሥቶ ለወራት ቢሠራ እንኳ በዚያ ጊዜ የተበላው ብረት በእጥበት አይመለስም።

በቅርስ ሰዓት ላይ ሁሉም ውሳኔ በአንድ ጥያቄ ይመዘን፦ ይህ ሥራ ነገ ሊመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? የተሰበረ ሞላ ይተካል፤ የጠነከረ ጎማ ይቀየራል። የተፋቀ ፊት፣ የተሞረደ ጠርዝና ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ የመጀመሪያ መሙያ ግን አይመለሱም። ውድ ሰዓቶችን ከእርጅና ይልቅ የሚጎዳቸው የችኮላ ጥገና ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

የሰከንድ ቆጣሪውን ተመልከቱ። በየሰከንዱ አንዴ ብቻ ዘለል የምትል ከሆነ ባትሪ ነው። በጥቃቅን እርምጃ የምትንሸራተት ከሆነ በሞላ የሚሠራ ማሽን ነው። የድሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታሉ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ፤ በኋላ የመጡት 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ። ሰዓቱን ቀስ አድርጋችሁ ስታዘነብሉ ከጀርባው ውስጥ የሚዞር ክብደት ከተሰማ አውቶማቲክ ነው፤ ካልተሰማ በእጅ የሚሞላ ነው። የቆመ ሰዓት ከሆነ ለማወቅ ብላችሁ አትሙሉት፤ ሠሪው ሲከፍተው ይታወቃል።

ከዚያ ፎቶ አንሡ። በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ መሙያውን በቅርብ፣ የማሰሪያውን መቆለፊያ፣ መስታወቱንም አግድም ጭረቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። ይህ የሚደረገው ሰዓቱ ሲመለስ ምን እንደተቀየረ ለማየት ነው። በተለይ መሙያው ላይ ያለውን ምልክት በግልጽ አንሡ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውና በርካሽ የሚተካው እሱ ነው።

ቁጥሮቹን መዝግቡ። የድሮ ሮሌክስ ቁጥሮች የሚገኙት ማሰሪያው ሲወልቅ ማሰሪያው በሚያያዝባቸው የቀፎው ቀንዶች መካከል ነው፤ በ6 በኩል መለያ ቁጥሩ፣ በ12 በኩል የሞዴሉ ቁጥር። የድሮ ኦሜጋ መለያ ቁጥር ግን ማሽኑ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ክዳኑ በሚከፈትበት ጊዜ አብራችሁ ቁሙና ማሽኑን በስልክ ፎቶ አንሡት። ከጥገና በኋላ ያው ማሽን መመለሱን ማረጋገጫው ይህ ብቻ ነው።

ቀፎው ወርቅ ከመሰለ ክዳኑ ሲከፈት በውስጡ ያለውን ማኅተም አንብቡ። 750 ማለት 18 ካራት፣ 585 ማለት 14 ካራት ነው። 10 ወይም 20 ማይክሮን የሚል ጽሑፍ ካለ ወርቅ ቅብ ነው፤ 20 ማይክሮን ማለት ከሚሊሜትር 1,000ኛ ክፍል 20 እጅ ብቻ ነው። አንድ ቸኩሎ የመጣ ማለስለሻ ማሽን ቅቡን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጨርሶ ነሐሱን ሊያወጣው ይችላል።

የጀርባ ክዳን ላይ ስም፣ ቀን ወይም የሽልማት ጽሑፍ ካለ ከሰዓቱ ክፍሎች ሁሉ አስቀድማችሁ ጠብቁት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሽልማት ከተሰጡት ሰዓቶች መካከል ዘውድ ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ስም የተቀረጸባቸው አሉ። ቅርጹ ጥልቀት የለውም፤ ሁለት ጊዜ ቢለሰልስ ይደበዝዛል። ቤተሰቡ የሰዓቱን ታሪክ የሚያስረዳበት ማስረጃም አብሮ ይሄዳል።

በጨለማ የሚያበሩ ነጥቦች ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ ሰዓት ከሆነ ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አልቆመም፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። መስታወቱ እንደተገጠመ ማሰር ብዙም አያሳስብም፤ ክፉው ነገር ተከፍቶ ዱቄቱን መፋቅ ወይም በአፍ እፍ ማለት ነው። ቤት ውስጥ አትክፈቱት፤ ሠሪውንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጅማ ላይ የሚሠራውና የማይሠራው

በጅማ መርካቶ አካባቢ ለሚሠሩ ሰዓት ሠሪዎች ሳይሰጉ የሚተዉ ሥራዎች አሉ፦ ማሰሪያና የማሰሪያ ፒን መቀየር፣ የብረት ማሰሪያ ማሳጠር፣ ባትሪ፣ የተጫረ የፕላስቲክ መስታወት ማለስለስ ወይም መተካት። ባትሪ ሲቀየር ሲልቨር ኦክሳይድ ጠይቁ፤ የ1.55 ቮልት ኃይሉን እስከ መጨረሻው ሳይወርድ ይይዛል። ርካሹ አልካላይን ቶሎ ይፈስሳል። የሞተ ባትሪ ለዓመት ውስጥ ከተተወ ደግሞ ፈሳሹ የመዳብ ሽቦውን ይበላል፤ ስለዚህ የማታስሩትን የባትሪ ሰዓት ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡት።

የማሽን ሙሉ እድሳት ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚወስነው የከተማው ስፋት ወይም የሱቁ መስታወት ሳይሆን መሣሪያው ነው። ሠሪው የመምቻውን ድምፅ ሰምቶ ፍጥነቱን የሚያሳይ ታይምግራፈር አለው? ለሰዓት ብቻ የተሠሩ የተለያዩ ዘይቶች አሉት? ካቻቢቴዎቹ ጫፋቸው የተስተካከለ ነው ወይስ ከብሎኑ ጋር የማይገጥም ሸካራ? ቀደም ሲል የከፈተውን ማሽን ቢያሳያችሁ ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ተቦጭቋል? ይህ ሁሉ ያለው ሰው ጅማ ውስጥ ከተገኘ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ካልተገኘ ግን ጉዞው ይሻላል።

ለሰዓት ሠሪው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። በአክብሮት ከተጠየቁ ጥሩ ባለሙያ ደስ ብሎት ይመልሳል፦

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው የሚታጠበው ወይስ እንዳለ?»
«ዋናው ሞላ ይቀየራል?»
«ሲጨርሱ በታይምግራፈር ያሳዩኛል?»
«የሚወጣው አሮጌ ክፍል ይመለስልኛል?»

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ማሽኑን ሳይፈቱ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አውጥቶ፣ በአየር ነፍቶ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ መመለስ ብዙ ቦታ «ሰርቪስ» ይባላል። ሰዓቱ በዚያው ዕለት ይሠራል፤ ችግሩም ያ ነው፣ የተሠራ ያስመስላል። ቤንዚኑ ከላይ ያለውን ቆሻሻ አሟሙቶ ወደ ዘንጎቹ ቀዳዳ ያወርደዋል። በርሜል በሚባለው ክብ ቆርቆሮ ታሽጎ የተቀመጠው ዋና ሞላ ሳይነካ ይቀራል። አዲሱ ዘይት በአሮጌው ሙጫ ላይ ይፈስሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዓቱ ሲዘገይ «አርጅቷል» ይባላል። የስፌት ማሽን ዘይትም እንደዚሁ ነው፤ ይስፋፋና ከዘንጉ ሸሽቶ በማያስፈልግበት ቦታ ይጣበቃል።

ትክክለኛው እድሳት ምን ምን አለው

ሠሪው መጀመሪያ ሰዓቱን እንዳለ ይለካል። ቀጥሎ የዋናውን ሞላ ውጥረት ቀስ አድርጎ ይለቅቃል፤ ይህን ሳያደርግ ከፈታ ጥርሶቹ በኃይል ተፈትልከው ይሰበራሉ። ቆጣሪዎቹን ሲያነሣ በፊቱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያነጥፋል፤ ፊት የሚጫረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ባላንስና መልሕቅ የሚመስለው ክፍል ለብቻቸው በጥንቃቄ ይታጠባሉ። በመልሕቁ ላይ ያሉት ቀይ ድንጋዮች ላክ በሚባል ሙጫ ስለተያያዙ አልኮል ውስጥ ቢዘፈዘፉ ይላቀቃሉ። ሰዓቱ ከተመለሰ በኋላ ያለ ምክንያት የሚቆም ከሆነ ይህ አንዱ መነሻ ነው።

ዋናው ሞላ ደህና ቢመስልም እንኳ መቀየሩ ይመረጣል። አሮጌው የብረት ሞላ ጉልበቱን አጥቶ ክብ ቅርፁን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ይሰበራል። በአውቶማቲክ ሰዓት የሞላው መጨረሻ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ተንሸራቶ መቆም ስላለበት እዚያ ቦታ ልዩ ግራሶ ይገባል። ሌላ ዘይት ከተደረገ ሞላው አስቀድሞ ይንሸራተትና ሰዓቱ ሌሊት ይቆማል። ባለቤቱ «አውቶማቲኩ አይሞላም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የግራሶ ነው።

ዘይት በአንድ ጠርሙስ አይጠናቀቅም። ፈጣን ለሆኑት ቀጫጭን ዘንጎች ቀጭን ዘይት፣ ቀስ ብለው ከባድ ኃይል ለሚሸከሙት ወፍራም፣ ለመልሕቁ ድንጋዮች ሌላ፣ ለመሙያው ክፍሎች ግራሶ። በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የሚታወቀው የስዊስ ሞቢየስ 9010 የቀጭኑ ዓይነት ነው። መጠኑ ዘንጉን እንደ ቀለበት የሚከብ ጠብታ ብቻ ነው፤ የበዛ ዘይት ከጎደለው አይተናነስም፣ ተስቦ ይወጣልና።

ስለ መሙላት አንድ የቆየ እምነት አለ፦ «ከመጠን በላይ ተሞልቶ ታነቀ» ይባላል። ሙሉ ሆኖ የቆመ ሰዓት የተሞላው ስለበዛ አይደለም፤ ዘይቱ ስለደረቀ የተጠራቀመው ኃይል ጥርሶቹን ማንቀሳቀስ ስላቃተው ነው። በእጅ የሚሞላ ሰዓት መሙያው እምቢ እስኪል ድረስ ብቻ መሙላት ትክክል ነው፤ ከዚያ በኃይል መግፋት ግን ዘንጉን ይሰብራል።

የማይፈቀዱ ሦስት ነገሮች

ፊትን መቀባት። ደብዛዛ፣ ቢጫ ያለ ወይም ነጠብጣብ የበዛበት ፊት «እንደ አዲስ እናድርገው» ይባላል። የተቀባ ፊት በፊደሎቹ ውፍረትና በጠርዞቹ ይታወቃል፤ ሰዓቱን በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ዋጋውን በብዙ ይቀንሳል። ከጊዜ የመጣ ለውጥ የዚያ ሰዓት ታሪክ ስለሆነ ይተውለት።

ቀፎ ማለስለስ። ሹል የነበሩ ቀንዶች ከለሰለሱ በኋላ እንደ ሳሙና ይሆናሉ። የወርቅ ሠሪ ማለስለሻ ለቀለበት ጥሩ ነው፣ ለሰዓት ግን አይሆንም።

በራስ ፈቃድ ክፍል መለወጥ። ቆጣሪ፣ መሙያ ወይም ፊት ከመለወጡ በፊት ባለቤቱ መጠየቅ አለበት። የተለወጠው ቁራጭ በትንሽ ከረጢት ተጠቅሎ ከሰዓቱ ጋር ይመለሳል። ለሚወርሰው ሰው የአሮጌው መሙያ መኖር ብዙ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከሠሪው ጋር ፈርሙ፦ የማሽኑ ቁጥር፣ የሚሠራው፣ የማይነካው፣ ዋጋው፣ የሚመለስበት ቀን። ጨዋ ባለሙያ ይህን እንደ ንቀት አያየውም፤ እሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሲላክ

በእጅ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ለሾፌር ሰጥቶ መላክ ለቡና ጆንያ ይሁን፣ ለቅርስ ሰዓት ግን አይሁን። በእጅ የሚሞላ ከሆነ ራሱ እስኪቆም ተዉት፤ መሙያው እስከ ውስጥ መገፋቱን አረጋግጡ። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ፣ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ከስልክ መያዣ ማግኔትና ከድምፅ ማጉያ አርቁት።

ወደ አምራቹ መላክ ያለው ዋና ጥቅም መለዋወጫ ነው። ብዙዎቹ የስዊስ ኩባንያዎች ዋና ክፍሎችን የሚሸጡት ለፈቀዱላቸው ሠሪዎች ብቻ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ ከተመሠረተበት ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸውን ሰዓቶች በሙሉ እንደሚጠግን ይናገራል፤ ኦሜጋም ቢየል ከተማ ውስጥ የድሮ ሰዓቶችን የሚያድስ ክፍል አለው። ነገር ግን የፋብሪካ እድሳት ሰዓቱን «አዲስ» የማድረግ ልማድ አለው፤ ፊትና ቆጣሪን ሊለውጥ ይችላል። በደብዳቤ፦ «ፊቱ፣ ቆጣሪዎቹና መሙያው አይለወጡ፣ ቀፎው አይለስልስ፣ የወጣው ሁሉ ይመለስ» ብላችሁ ጻፉ። ከአገር ሲወጣ ለጥገና መሆኑንና መለያ ቁጥሩን ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ሰዓት ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሊታይ ይችላል።

ሲመለስ እንዴት ይፈተሻል

ከሱቁ ሳትወጡ የታይምግራፈሩን ቁጥር ጠይቁ። ሙሉ የተሞላና ፊቱ ወደ ላይ የሆነ ጤነኛ ማሽን የባላንሱ ውዝዋዜ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል፤ በጎኑ ሲቆም 30 ወይም 40 ቢቀንስ ያለ ነገር ነው። ከእድሳት በኋላ ከ220 በታች ከሆነ የሆነ ቦታ ችግር አለ። አንድ ጥንቃቄ፦ መሣሪያው የማንሻ ማዕዘን የሚባል ቁጥር ይጠይቃል፣ ሳይነኩት 52 ላይ ይቆማል፤ የብዙ የድሮ ኦሜጋ ማሽኖች ግን 49 ነው። ይህ ካልተስተካከለ ውዝዋዜው ከእውነቱ በላይ ወይም በታች ይነበባል። የምት አለመመጣጠን፣ ማለትም ባላንሱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት፣ ከ0.8 ሚሊሰከንድ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ቤት ስትደርሱ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለ7 ቀን፣ ከስልካችሁ ጋር እያወዳደራችሁ ልዩነቱን ጻፉ። ለ50 ዓመት ሰዓት በቀን 15 ወይም 20 ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ መልካም ነው። ሙሉ ሞልታችሁ ሳትነኩት ስንት ሰዓት እንደቆየ ቁጠሩ፤ 36 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሞላውም ዘይቱም ደህና ናቸው። ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ደግሞ ማግኔት ነክቶታል። የፀጉር ያህል የቀጠነችው ጥምዝ ሞላ ቀለበቶቿ ተጣብቀው አጥራ ትመታለች። ተራ ኮምፓስ ስታስጠጉበት መርፌው ቢከተለው ምልክት ነው። ማግኔቱን ማጥፋት በትንሽ መሣሪያ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሙሉ እድሳት አትክፈሉ።

የጅማ እርጥበት

ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፤ የድሮ ሰዓት ደግሞ «ውኃ የማያስገባ» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ጎማው ደርቆ ስለሆነ ቃሉን አይጠብቅም። ከግንቦት እስከ መስከረም አስራችሁ ዝናብ አትግቡበት። ከመስታወቱ ሥር ጉም ከታየ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ውስጡን አያደርቀውም፤ ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ፊቱን ያሰነጣጥቃል። በጊዜው ቅርብ ወዳለ ሰዓት ሠሪ ወስዳችሁ ክዳኑን አስከፍቱ፤ ማሽኑ ከቀፎው ወጥቶ እንዲናፈስ፣ እድሳቱም ሳይውል ሳያድር እንዲደረግ። ብረቱ በአንድ ቀን ዝገት ይጀምራል።

ካላሰራችሁት ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ከረጢት አድርጉ፤ የቆዳ ማሰሪያውን አውልቃችሁ ለብቻው አስቀምጡ፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ሙሉ እድሳት ከ5 እስከ 8 ዓመት አንዴ ይበቃዋል።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ካላችሁ ለኛ አገር አቆጣጠር ልዩ ጥንቃቄ አለ። በሰዓቱ ውስጥ ቀን የሚያሳየው ቀለበት የተሠራው ለ31 ቀን ነው፤ የኛ ወራት 30 ስለሆኑ በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን መዝለል ይኖርባችኋል። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ ከ6 ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ ማዞር አለ፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት 25። ስለዚህ በሐበሻ ዘመን የሚከተለው ሰዓት የቀን መለወጫው ከሌላው የበለጠ ይነካካል፤ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ትንሹ ቆጣሪ በ12 በኩል ከ9 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ማሽኑ ራሱ ቀኑን ለመቀየር ጥርሶቹን አጋጥሞ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ሰዓት በመሙያው ቀን አትቀይሩ። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ካስተካከላችሁት ይህ ክልል የሚውለው ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ትንሹን ቆጣሪ ወደ ታች፣ ወደ 6 አምጡ፤ ከዚያ ቀኑን አዙሩ፤ በመጨረሻ ሰዓቱን ወደ ፊት ብቻ እያዞራችሁ አስተካክሉ። ቀኑ ንጋት 12 ላይ እንዲለወጥላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ቀኑ እስኪለወጥ ቆጣሪዎቹን አዙሩና ያን ነጥብ እንደ ማለዳ 12 ቁጠሩት።